ዕጣ ያልደረሳቸው ቀበሌዎች ጉዳይ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «በአንድ የገጠር ወረዳ የምሠራ ጤና መኮንን ነኝ። በቅርቡ ከውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ጋር በሚካሄድ ጥናት አስተባባሪ ሆኜ ተቀጥሬያለሁ። ጥናቱ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ታብሌትና ወርሃዊ ክትትል፣ ለወላዶች ደግሞ የማመላለሻ ገንዘብ ይሰጣል። ቀበሌዎቹ በዕጣ ይለያሉ። ግማሾቹ ያገኛሉ፣ ግማሾቹ አያገኙም። ጊዜው ሁለት ዓመት ነው። የኤቲክስ ፈቃድ አለው፣ ወረዳውም የድጋፍ ደብዳቤ ጽፏል። ‹መድኃኒት ስለማንሰጥ ጉዳት የለውም፣ የእናቶች ፈቃድም አያስፈልግም› ተብያለሁ። መረጃው ውጭ አገር ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። ዕጣ የማይደርሳቸውን ቀበሌዎች ሳስብ ግን ሕሊናዬ እሺ አላለኝም። ፍትሃዊ ነው? ሥራውን ልተወው?»

አትተዪው። ዕጣውም ያን ያህል አያስጨንቅሽ። እኔን ያሳሰቡኝ እንደ ዋዛ ጠቅሰሻቸው ያለፍሻቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፦ «ሁለት ዓመት»፣ «ወረዳው ደብዳቤ ጽፏል» እና «መድኃኒት ስለማንሰጥ»። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ካልተናገርኩ በቀር እ.ኤ.አ ናቸው።)

መጀመሪያ ዕጣውን እንጨርስ። አንድ አሠራር ይጥቀም አይጥቀም በእርግጠኝነት ካልታወቀ፣ ለሁሉም የሚበቃ ገንዘብም ከሌለ፣ ዕጣ ከሌላው መንገድ ሁሉ የተሻለ ነው። ሌላው መንገድ ምን እንደሚመስል አንቺም ታውቂዋለሽ። ታብሌቱ መኪና መንገድ ዳር ላሉት፣ ለወረዳው ከተማ ለሚቀርቡት፣ ቢሮ ውስጥ ሰው ላላቸው ቀበሌዎች ይሄዳል። ሜክሲኮ በ1997 ፕሮግሬሳ የሚባለውን፣ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ለሚልኩ ድሃ ቤተሰቦች ገንዘብ የሚሰጥ ፕሮግራም ስትጀምር ሁሉን በአንዴ ማዳረስ አልቻለችም። ለግምገማው ከተያዙት 506 መንደሮች 320ዎቹ ቀድመው ገቡ። የቀሩት 186ቱ ተራ ጠብቀው በ1999 መጨረሻ ገደማ ገቡ። ዕጣውን ፍትሃዊ ያደረገው የኋለኞቹም መግባታቸው ነው። በናንተ ጥናት ግን ዕጣ ያልደረሳቸው ቀበሌዎች መቼ እንደሚገቡ በጥያቄሽ ውስጥ የለም። ፕሮቶኮሉ፣ ማለትም የጥናቱ ዝርዝር ዕቅድ ውስጥም የለም ብዬ እገምታለሁ።

አንድ ነገር ግን ነጥለሽ አውጪ። ታብሌትና ክትትል ይጥቀሙ አይጥቀሙ እውነትም አጠራጣሪ ነው። ታብሌት ተሰጥቶ ወረቀቱም ሳይቀር፣ የሠራተኛዋ ትርፍ አንዱን ነገር ሁለቴ መመዝገብ የሆነባቸው ቦታዎች ጥቂት አይደሉም። የማመላለሻው ገንዘብ ግን ለየት ይላል። ምጥ የጠናባት ሴት ሆስፒታል መድረስ እንዳለባት የሚጠራጠር የለም። ጥናቱ ሊጠይቅ የሚችለው ገንዘቡ በዚህ መንገድ ቢሰጥ ብዙ እናቶች በጊዜ ይደርሳሉ ወይ የሚለውን ነው፣ እሱም ጥሩ ጥያቄ ነው። ነገር ግን መረጃ ሰብሳቢያችሁ ዕጣ ባልደረሰው ቀበሌ በር አንኳኩታ ደም የሚፈሳት ሴት ብታገኝ፣ «ይሄ የኮንትሮል ቀበሌ ነው» ብላ ቅጿን ሞልታ መውጣት አትችልም። ለማን እንደሚደወል፣ በማን መኪና እንደምትሄድ፣ ወጪው ከየት እንደሚሸፈን ፕሮቶኮሉ ላይ ተጽፎ መገኘት አለበት። «እንዲህ ከሆነማ ውጤቱ ይበላሻል» የሚል አይጠፋም። ጥቂት ሴቶች ሆስፒታል ስለደረሱ ጥናቱ የሚበላሽበት ሰው ካለ የናሙና ስሌቱን ተቀምጦ ይከልስ።

«ድሮስ ምን ነበራቸው? ምን ቀነስንባቸው?» የሚል መልስም ይመጣብሻል። ይህ ክርክር የቆየ ነው። በ1994 ኤዜድቲ የተባለው መድኃኒት ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈውን ኤችአይቪ ከ25.5 በመቶ ወደ 8.3 በመቶ እንደሚያወርድ አሜሪካና ፈረንሳይ ውስጥ በተደረገ ጥናት ታወቀ። ይህ ከታወቀ በኋላም በአፍሪካ፣ በእስያና በካሪቢያን በተካሄዱ ጥናቶች የተወሰኑ ነፍሰ ጡሮች ፕላሴቦ፣ ማለትም መድኃኒት የሌለበት እንክብል ይሰጣቸው ነበር። በ1997 ጉዳዩ ሲፈነዳ የጥናቶቹ ደጋፊዎች «በአገራቸውም ቢሆን አያገኙትም ነበር» አሉ። እውነቱን ለመናገር የነሱም ጥያቄ ከንቱ አልነበረም። ረጅሙና ውዱ ሕክምና ለድሃ አገር ስለማይሆን አጭርና ርካሽ ነገር ይፈልጉ ነበር፣ ታይላንድ ውስጥ የተሞከረው አጭሩ ሕክምናም መተላለፉን በግማሽ እንደሚቀንስ በ1998 ታየ። ባለሙያዎች እስከ ዛሬ አልተስማሙበትም። ለናንተ ጉዳይ ግን የኔ አቋም ግልጽ ነው። የኮንትሮል ቀበሌ መነሻው ዛሬ ያለው ባዶነት መሆን የለበትም፣ መንግሥት ራሱ ቃል የገባው አገልግሎት ነው መሆን ያለበት። ጤና ኬላው ሠራተኛ፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎት፣ ወደ ጤና ጣቢያ የሚልክበት መንገድ ሊኖረው ይገባል። ቡድናችሁ ሄዶ ባዶ ሆኖ ካገኘው፣ ባዶነቱን እየለካ ሁለት ዓመት ሊቀመጥ አይችልም። ቢያንስ በዚያው ሳምንት ለወረዳው በጽሑፍ ያሳውቃል።

አሁን ወደ «መድኃኒት ስለማንሰጥ ጉዳት የለውም» እንምጣ። ይህ ስህተት ነው። ስህተቱ የሚመጣው ጉዳት ሲባል የመርፌና የክኒን ጉዳት ብቻ ስለሚታሰብ ነው። የጤና ሥርዓት ጥናት የሚነካው የሠራተኛን ጊዜ፣ የጤና ኬላን በርና የሰውን እምነት ነው። የዳሰሳ ቀን እንዴት እንደሚውል አስቢው። መረጃ ሰብሳቢዎች በላንድክሩዘር ይመጣሉ። ቤቱን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋቸዋል። ማን አለ? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ። ጤና ኬላውን ቆልፋ፣ የቤተሰብ ማህደሩን ይዛ ከፊት ከፊት ትሄዳለች። ጓደኛዋ ወይ ወሊድ ፈቃድ ላይ ነች፣ ወይ ወረዳ ስብሰባ ተጠርታለች። ልጇን አዝላ ለክትባት የመጣች እናት ሁለት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ ቁልፍ በር አግኝታ ትመለሳለች። የዚህች እናት ስም የጥናቱ መዝገብ ውስጥ የትም የለም። ፈቃድ አልተጠየቀችም፣ ቃለ መጠይቅ አልተደረገላትም። ከኪሳራው ግን ድርሻዋ ደርሷታል።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ2003 ሲጀመር ስሌቱ ወደ 5,000 ለሚጠጋ ሕዝብ አንድ ጤና ኬላና ሁለት ሠራተኛ ነበር። ከሁለት አንዷን ለሳምንት መውሰድ የግማሹን አቅም መውሰድ ነው። አበሉም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ፕሮጀክቱ ጥሩ አበል ሲከፍል ሰው ሁሉ ወደሱ ይሮጣል፣ የዕለት ሥራው ይቆማል። መረጃ ሰብሳቢዎቹን ከውሾች እየጠበቀች ቤት ለቤት የምታዞረው የአንድ ለአምስት መሪ ደግሞ ምንም ሳይከፈላት ትቀራለች። ያለ ክፍያ ስለምትሠራ ጊዜዋ ነፃ ነው ማለት አይደለም፣ እሷም ጎተራዋና ልጆቿ ይጠብቋታል።

ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ራሷ የጥናቱ ተሳታፊ ነች። ብዙ ቡድን ይህን ይዘነጋል፣ «ረዳታችን» እያለ ይጠራታል። በ2012 የወጣው የኦታዋ መግለጫ፣ ማለትም እንደናንተ ሰው በሰው ሳይሆን ቀበሌን በመሳሰሉ ስብስቦች ዕጣ በሚወጣባቸው የክላስተር ጥናቶች ላይ ያተኮረው መመሪያ፣ አዲሱ አሠራር የሚያርፍባቸው የጤና ሠራተኞች ተሳታፊ እንደሆኑ በግልጽ ያስቀምጣል። ታብሌቱ መቼ እንደተከፈተ ይመዘግባል፣ የት እንደነበረም ሊመዘግብ ይችላል። ያ መረጃ ለአለቃዋ ይደርሳል? ከደረሰ የዓመቱ ውጤት ምዘናዋ ላይ ይገባል? እምቢ ብትልስ? ይህ አስቀድሞ ተነግሯት፣ ተስማምታ መፈረም አለባት። አለቃዋ አጠገቧ ቆሞ «ፈርሚ እንጂ» በሚልበት ቦታ ደግሞ አይሁን።

ስለ እናቶች ፈቃድ የተነገረሽ ግማሹ እውነት ነው። ጤና ኬላው በአዲስ አሠራር ሲሠራ እያንዳንዷን እናት «ትስማሚያለሽ ወይ» ብሎ መጠየቅ አይቻልም። አንዷ እምቢ ብትል ታብሌቱ ለሷ ሲባል አይጠፋም። ቃለ መጠይቁ ግን ሌላ ነገር ነው። ቤቷ ገብተሽ ስለ እርግዝናዋ፣ ስለ ሞተባት ልጅ፣ ስለምትወስደው መርፌ ስትጠይቂያት ፈቃዷ ያስፈልጋል። ስሟ ያለበትን መዝገብ ለጥናቱ መጠቀምም እንዲሁ ነው። ፈቃድ የሚቀርበት አጋጣሚ አለ፣ ግን በሩ ጠባብ ነው። ሲዮምስ የተባለው ተቋም ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር ሆኖ በ2016 ያወጣው መመሪያ ሦስት ነገር አንድ ላይ እንዲሟላ ይጠይቃል፦ ጥናቱ ያለዚያ የማይቻል ሲሆን፣ ለኅብረተሰቡ ትልቅ ፋይዳ ሲኖረው፣ አደጋውም እጅግ አነስተኛ ሲሆን። ይህንን የሚወስነው የጥናቱን ሥነ ምግባር መርምሮ ፈቃድ የሰጠው ኤቲክስ ኮሚቴ እንጂ የጥናቱ ባለቤት አይደለም። ስለዚህ የፈቃዱን ደብዳቤ ጠይቀሽ ራስሽ አንብቢው። «የእናቶች ፈቃድ አያስፈልግም» የሚል መስመር እዚያ ላይ ከሌለ፣ የተነገረሽ ወሬ ነው።

የወረዳው ደብዳቤ የእናት ፈቃድ አይተካም። በር ይከፍታል፣ ከዚያ አያልፍም። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሕዝቡን እንዲወክል ይጠበቃል፣ ግን የሠራተኞቹም አለቃ ነው፣ መኪናና ታብሌት ይዞ የመጣን ፕሮጀክትም «አይሆንም» ማለት ይከብደዋል። የዕድር ዳኞችን፣ የሃይማኖት አባቶችን፣ የቀበሌ ሽማግሌዎችን ማማከር ተገቢ ነው። እነሱም ቢሆኑ ለአንዲት የ19 ዓመት ሙሽራ ሊፈርሙላት አይችሉም። አማቷ ተቀምጣ እየሰማች ስለ ወሊድ መከላከያ ብትጠይቂያት የምትመልስልሽ ለአማቷ ነው። ወላይታ ውስጥ ስለ እግር እብጠት በሽታ፣ ስለ ፖዶኮኒዮሲስ፣ የዘረመል ጥናት ሲታሰብ ተመራማሪዎች ሕዝቡን ስለ ፈቃድ አጠያየቁ ራሱ አነጋግረው ነበር። ከታዩት ስጋቶች አንዱ ጥናቱ በሽታው በዘር ነው የሚለውን ወሬ አጠንክሮ መገለሉን ያባብሳል የሚል ነው። ቢሮ ተቀምጦ ይህን የሚገምት የለም። እናንተም ቅጹን ከማባዛታችሁ በፊት ጥቂት ቀን ሰጥታችሁ እናቶቹንና ሠራተኞቹን ምን እንደሚያሰጋቸው ጠይቁ።

«ሁለት ዓመት» ላይ ደረስን። ፍትህ የሚለው ጥያቄ በዋናነት ያለው እዚህ ነው፣ ኤቲክስ ኮሚቴዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ በፍጥነት የሚያልፉት እሱን ነው። ኮሚቴው በደንብ የሚያየው ለተሳታፊዋ የሚደርሰውን አደጋና የፈቃድ ቅጹን ነው። ጥያቄው ከማን መጣ? ቢሳካ ማን ይቀጥለዋል? በስንት ብር? እነዚህን አጥብቆ የሚጠይቅ ኮሚቴ ብዙ የለም። ያው የሲዮምስ መመሪያ ግን አቅም በሌለበት አካባቢ የሚሠራ ጥናት ለአካባቢው ችግር መልስ የሚሰጥ እንዲሆን፣ ያፈራው ነገርም ለዚያው ሕዝብ እንዲደርስ አስቀድሞ ዝግጅት እንዲደረግ ይጠይቃል።

እንዲህ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ለማየት ጋናን ተመልከቺ። ሰሜን ጋና ናቭሮንጎ ውስጥ በ1994 የተጀመረው ሙከራ ያነሳው የራሳቸው የጤና ሚኒስቴር ሲከራከርበት የነበረውን ጥያቄ ነው፦ ነርሶችን መንደር ውስጥ ማስፈር ይሻላል ወይስ በጎ ፈቃደኞችን ማሰልጠን? ከአለቆችና ከነዋሪዎች ጋር እየተመካከሩ፣ ሕዝቡ ራሱ የነርሷን ማረፊያ እየሠራ ተካሄደ። መንደር የሰፈሩት ነርሶች የሕፃናትን ሞት ሲቀንሱ፣ በጎ ፈቃደኞች ብቻቸውን ያን ውጤት አላመጡም። በ1999 አሠራሩ የጋና ብሔራዊ ፖሊሲ ሆነ። ልብ በይ፣ እዚያም ሁሉም አካባቢ አንድ ዓይነት ነገር አላገኘም። ልዩነቱ መልሱን የሚጠብቅና ሊጠቀምበት የሚችል አካል ከመጀመሪያው መኖሩ ነው።

የናንተውን በዚህ ለኪው። ታብሌት ሲሰበር ማን ይገዛል? የኢንተርኔት ካርዱን ማን ይሞላል? የተቆጣጣሪው ሞተር ሳይክል ነዳጅ ከየትኛው የበጀት ርዕስ ይወጣል? የአንድ ቀበሌ የዓመት ወጪ ስንት እንደሆነ የጥናቱን ቡድን ጠይቂና በወረዳው ቀበሌዎች ቁጥር አባዢው። ከዚያ የወረዳውን የጤና በጀት አጠገቡ አስቀምጪ። ቢሳካ እንኳ ወረዳውም ክልሉም የማይችሉት ከሆነ፣ ጥናቱ የሚመልሰው የሌላ አገር ሰዎችን ጥያቄ ነው፣ የናንተ እናቶች ደግሞ ናሙና ብቻ ናቸው። ያ ማለት ጥናቱ ይቅር ማለት አይደለም። ወጪው የሚቻል እንዲሆን ዲዛይኑ ይስተካከል ማለት ነው። ገንዘቡ መሃል ላይ ቢቆምስ የሚለውም ይጻፍ። በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን በድንገት ሲያቆም በየአገሩ ጥናቶች ተሳታፊዎቻቸውን እንደያዙ መንገድ ላይ ቀርተዋል። «አይደርስብንም» የሚል ካለ ከዚያ በኋላ ተከራካሪ አያገኝም።

ስለ መረጃው አጭር ነገር ልበል። በ2016 ዓ.ም (ይህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የወጣው የአገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ጋር ይመድበዋል፣ ከአገር የሚወጣ መረጃም ቅድመ ሁኔታ አለው። ስም፣ ስልክና የቤት ቁጥር ተነጥሎ አገር ውስጥ ይቅር፣ ወረዳውና አብሮ የሚሠራ የአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ካለ እሱም መረጃውን መልሰው የማግኘት መብታቸው ስምምነቱ ላይ ይስፈር። ያልጠየቅሽኝን ልጨምርልሽ፣ ከጥናቱ በሚወጣው ጽሑፍ ላይ ስምሽ በደራሲነት የመግባቱ ጉዳይ አሁኑኑ ይነሳ። «መረጃ የሰበሰበ ደራሲ አይሆንም» የሚሉት ነገር ግማሽ ወሬ ነው። ዓለም አቀፍ የሕክምና መጽሔቶች የሚመሩበት መስፈርት መረጃ ማሰባሰብን ከዋና አስተዋጽኦዎች ይቆጥረዋል። ቀሪዎቹ መስፈርቶች ጽሑፉን በማዘጋጀት ወይም በቁም ነገር በማረም መሳተፍ፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅና ኃላፊነት መውሰድ ናቸው። ረቂቁ ካልተላከልሽ እነዚህን ልታሟዪ አትችይም። ስለዚህ ረቂቅ እንዲላክልሽ በጽሑፍ ጠይቂ።

እንግዲህ የምመክርሽ ይህ ነው። ለዋናው ተመራማሪ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፊ፣ የፕሮቶኮል ማሻሻያ ተደርጎ ለኤቲክስ ኮሚቴው እንዲቀርብ ጠይቂ። ውስጡ አራት ነገር ይኑር። ዕጣ ያልደረሳቸው ቀበሌዎች ውጤቱ ጥሩ ከሆነ መቼና በማን ገንዘብ እንደሚገቡ። በየትኛውም ቀበሌ አስቸኳይ ችግር ላይ ለምትገኝ እናት የሚደረገው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በተሳታፊነት የሚፈርሙት ስምምነትና ጤና ኬላ በዳሰሳ ምክንያት እንዳይዘጋ የሚደረገው ዝግጅት፣ ለምሳሌ ሌላ መንገድ መሪ ቀጥሮ ለሱ መክፈል። አራተኛ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ወይም ገንዘቡ ቢቋረጥ ማን ምን እንደሚረከብ፣ በወረዳውና በክልሉ ጤና ቢሮ ፊርማ። ቃሉ ለስላሳ ይሁን፣ ክስ አይምሰል። ብዙ ተመራማሪዎች ይህን ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል፣ ያልጻፉት ማንም ስላልጠየቃቸው ነው።

ዝም ከተባልሽ በቀጥታ ለኮሚቴው ጻፊ። ስልኩና አድራሻው በተሳታፊዎች መረጃ ቅጽ ላይ አለ፣ የተቀመጠውም ለዚህ ነው። ቴሌግራም ላይ ግን አታውጪው። የቀበሌዎቹ ስም ከወጣ የምትከላከዪላቸውን እናቶች ራስሽ አጋለጥሻቸው ማለት ነው።

ከጥናቱ ብዙም አትጠብቂ። የፈረሰ ጤና ኬላ አይሠራም፣ ዶላሩን የያዘው ጥያቄውን የሚመርጥበትን ሥርዓትም አንቺ በደብዳቤ አትለውጪውም። ሥራውን ልቀቂ የምልሽ አንድ ሁኔታ ሲመጣ ብቻ ነው፦ ባልተጠየቁ እናቶች ምትክ የአውራ ጣት አሻራ እንድታሟዪ ወይም ያልተሞላ ቅጽ እንደተሞላ አድርገሽ እንድታስተላልፊ ከታዘዝሽ። ያኔ አትከራከሪ፣ ለኮሚቴው አሳውቀሽ ውጪ።

ደብዳቤው ግን ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ይግባ። ዕጣው ወጥቶ ቀበሌዎቹ ከተለዩና መነሻ ዳሰሳው ከተጀመረ በኋላ «አሁን ብንለውጥ ንጽጽሩ ይፈርሳል» ይሉሻል፣ በከፊልም እውነታቸውን ነው።